የእትዬ ውባለም ደብዛዛ መብራት

እትዬ ውባለም የወንድሜ የወልደየሱስ ሚስት ናት። ወንድሜ ካረፈ ወዲህ «ነበረች» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ስለ እሷ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ከማን እንደሰማሁት እናገራለሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ ልማዱ ሌላ ነገር ስጽፍም አይለቀኝም።

ወደ ኮለምበስ የመጡት በመተማ ተሻግረው፣ ገዳሪፍና ካርቱም ብዙ ዓመት ከተቀመጡ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። አውቶቡስ ስትጠብቅ በረዶ ላይ የቆመችባቸውን ክረምቶች ስታነሳ «እግሬ ከእኔ ቀድሞ አረጀ» ትላለች። መንዳት ያስተማራት ወልደየሱስ ነው፤ በተዘጋ የገበያ ማዕከል ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ። ባል ሚስቱን መንዳት ሲያስተምር ትዳር ይፈተናል የሚባለው እውነት ነው። እሷ እንደነገረችኝ፣ በየመታጠፊያው «ፍሬን! ፍሬን!» ሲልባት አንድ ቀን መኪናውን መሐል ላይ አቁማ ወረደችና በእግሯ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከጎኗ ቀስ እያለ እየነዳ፣ «ውቤ፣ ግቢ፤ ሰው እያየን ነው» ይላታል። «ፍሬኑን አንተው ያዘው!» ትለዋለች። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ቤታቸው ደረሱ ትላለች። እሱ ግን ይህን ታሪክ ሲናገር፣ ሦስተኛው የትራፊክ መብራት ላይ መኪናው ውስጥ ገብታለች ይል ነበር።

መንጃ ፈቃዱን ካገኘች በኋላ የሰፈሩ ሴቶች እግር ሆነች። ምጥ የያዛትን ሆስፒታል፣ ለአሻራ የተጠራችውን ኢሚግሬሽን፣ ለኪዳን የምትቸኩለውን ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰው እሷ ነበረች። ስልኳ ሲጠራ «ምን ሆንሽ?» አትልም። «ውጪ፣ በር ላይ ነኝ» ነው የምትለው። በሌላው ነገር ሁሉ ሰው የሚረዳት ሴት ነች። ደብዳቤ ልጇ ያነብላታል፣ ባንክ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ። መሪ ስትይዝ ግን የማንንም እጅ አትፈልግም።

ወልደየሱስ ያረፈው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ጥር፣ በዚያ በኮሮና በሽታ ነው። ሆስፒታል መግባት ተከልክሎ ስለነበር የተሰናበትነው በስልክ ነው፤ ስልኩን የያዘችልን ነርስ ጓንት አድርጋ ነበር። ፍትሐቱ ላይ ተራርቀን ቆምን። ድንኳን አልተጣለም፣ ሰው ተሰብስቦ አላለቀሰም። ለቀስተኛው ሁሉ የመጣው በስልክ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላሉ፣ ከኋላቸው ቴሌቪዥን ይሰማል። እሷም «አሜን» ትላለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በቤክስሊ አቅራቢያ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ የቁርስ ሺፍት ነው ያላት። ቤቷ ካለበት ከብሌንደን ታውንሺፕ የምትነሳው ሳይነጋ ነው።

የምትነዳው የእሱን ካምሪ ነው። ሲገዛው ያገለገለ ነበር፤ ካህኑ ኮፈኑ ላይ ጸበል ረጭተው ባርከውለታል። የፊት መብራቱ ፕላስቲክ ከዓመት ዓመት መጀመሪያ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆነ፣ በኋላ ደፍርሶ የወተት ዕቃ የታጠበበት ውሃ መሰለ። ወልደየሱስ «ለፋሲካ አጸዳዋለሁ» ይል ነበር። ስንት ፋሲካ እንዳለፈ አልጽፍም።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ከቅዳሴ ወጥተን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ «ዋርሳዬ፣ ለሰው አትንገር» አለችኝ። «ዓይኔ እየሄደ ነው።»

«እንዴት እየሄደ ነው?»

«ጠዋት ስወጣ መንገዱ አይታየኝም። ባለፈው ሳምንት ሰንበሪ ሮድ ላይ ጠርዙን ስቼ ሳር ውስጥ ገባሁ። በልቅሶ ነው። ያ ሁሉ እንባ በከንቱ ይሄዳል?»

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኳት።

«ሐኪም ካየኝ ይጽፈዋል። ከተጻፈ ላይሰንሴን ይወስዱታል።»

ስለ ተጻፈ ብቻ ነገር የሚወሰድበት አገር እንዳልሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። በስደት የኖረ ሰው ይህን በክርክር አይቀበልም።

ጥቅምት ውስጥ ግን ልጇ ኤርምያስ ደረሰበት። ኤርምያስ እዚሁ የተወለደ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ጥሩ ልጅ ነው። አንድ ማታ አብሯት ሲሄድ ቀይ መብራት ላይ የቆመ መኪና ዘግይታ አየች። እሱ እንደነገረኝ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ጥሎ ጮኸ። በማግስቱ እናቱ ቤት ሦስታችንም ተቀመጥን።

«ማም፣ ኢትስ ኖት ሴፍ» አለ። «ካሩን ሴል እናደርገዋለን። እኔ አደርስሻለሁ፤ ካልሆነ ኡበር።»

«እኔን ማንም አያደርሰኝም» አለች።

«መብራቱም አርጅቷል። ሰመር ላይ በጥርስ ሳሙና አጸዳሁት፣ ተመልሶ ቢጫ ሆነ።»

«መብራቱን ተወው። ዓይኔ ነው።»

አፏ ካወጣው በኋላ መመለስ አልቻለችም። ኤርምያስ አባቱን በስልክ የተሰናበተ ልጅ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለውን ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነው ያልኩት።

«ሳተርደይ እመጣለሁ» አለ። «ሲመሽ አብረን እንነዳለን። ካላየሽ ገዢ አለኝ፣ መንደይ ይወስደዋል። ካየሽ ምንም አልልም። ኦኬ?»

«ኦኬ» አለች። እንደ ተፈረደበት ሰው ነው ያለችው።

ያን ማታ ለሙክታር ኮል አደረግኩ። ሙክታር የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ላይ ከወልደየሱስ ጋር ዓመታት ጎን ለጎን ቆሟል። የራሱን ታክሲ መብራት በየጊዜው ራሱ ፈቅፍቆ ያድሳል። ነገሩን ስነግረው «አቦ ሊቁ፣ ዓይኗን ተዋት፣ መብራቱን አሳየኝ» አለ። ሊቁ የሚለኝ ስለተማርኩ ሲያሾፍብኝ ነው።

ቅዳሜ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ መጣ። ቀኑ ለጥቅምት ሞቃት ነበር፣ ፀሐይም ወጥታለች። መኪናው ፊት ቁጢጥ ብሎ ፕላስቲኩን በጥፍሩ አንኳኳው።

«እትዬ ውባለም፣ በዚህ ተሸፍኖ ማን ያያል? ንስርም አያይም።»

«ዓይኔ ነው ብዬሃለሁ እኮ፣ ሙክታር።»

«እሺ፣ ዓይንሽ ይሁን። እኔ የማውቀው ይሄን ነው። ማታ እናያለን።»

በመብራቶቹ ዙሪያ ቀለሙን በቴፕ ሸፈነ። ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያራሰ ሻካራውን አስቀደመ፣ ከዚያ ለስላሳውን፣ ከዚያ ከሱም የለሰለሰውን። እኔ የውሃውን ቱቦ ያዝኩ። ሲፈቀፍቅ ቢጫ ውሃ እየወረደ ድራይቭ ዌዩ ላይ ፈሰሰ። እጁ ሲዝል ሌላውን እጁን ይተካል። ብዙ አላወራንም። እሱም ያን ዓመት ሁለት የታክሲ ተራ ጓደኞቹን ቀብሯል።

እትዬ ውባለም ሻይ ይዛ ስትወጣ መብራቶቹ ከመጀመሪያውም ብሰው፣ ነጭ ሆነው ጭጋግ የለበሱ መስለው አገኘቻቸው።

«ኧረ በእመቤቴ! ጭራሽ አሳወርከው!»

«መጀመሪያ ካልታወረ አያይም» አለ ሙክታር። «አሁን የሚረጭ ክሊር፣ መልክ የሌለው ቫርኒሽ፣ አለ። እሱ ሲያርፍበት መስታወት ይሆናል። ፀሐይም ቶሎ አያቃጥለውም። ልጅሽ በጥርስ ሳሙና አሽቶ የተወው ይሄን ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ገዢው ሰኞ ይመጣል።»

ለቀልድ ብሎ ነው፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሙክታር መብራቶቹን በአልኮል አጥርቶ ጠረጋቸው። «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው። ጣት እንኳ። የጣት ወዝ ያበላሸዋል» አለና የአስር ሰላቱን ሊሰግድ ገባ። ሁልጊዜ ሳሎን ውስጥ ነው የሚሰግደው። እሷ አቅጣጫውን ስለምታውቅ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጋ ቦታ ታመቻችለታለች፤ ወልደየሱስ እያለም እንዲሁ ነበር። እኔም እጄን ልታጠብ ገባሁ። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ መኪናው ያያል፤ ግን መጋረጃው ወርዶ ስለነበር ውጪ የሆነውን አላየሁም።

ስንወጣ ሙክታር ጣሳውን ደህና አድርጎ ናጠውና ረጨ። ክሊሩ ሲያርፍበት ጭጋጉ ተገፎ የውስጡ አምፖል ብልጭ አለ። እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ ካየን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበርና ሦስታችንም ጠጋ አልን። ወዲያው ግን የተረጨው ነገር መሐል ላይ መሸሽ ጀመረ። ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር ተከፈተ፤ በእሱ ላይ ተሻግሮ ሌላ። ክሊሩ ከመስመሮቹ ግራና ቀኝ ተሰብስቦ ቆመ። ሁለተኛውን ሲረጭም ያው ሆነ። በሁለቱም መብራቶች ላይ ጥርት ያለ መስቀል ታየ።

ሙክታር ጣሳውን አገላበጠው። «ይሄ ጣሳ ያለፈበት ነው። ወላሂ ብዙ መብራት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ወይ ጣሳው ቀዝቅዟል... ወይ እኔ አላጸዳሁትም።» ወደ እሷ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ። ያንቺን ዕድል ነው ያበላሸሁት።»

እትዬ ውባለም እጇን ሹራብ ኪሷ ውስጥ ከታ ቆማለች።

«አንተ አይደለህም» አለች። «እኔ ነኝ። ቅብዐ ቅዱስ ቀባሁት።»

ትንሽዬ ጠርሙስ ከኪሷ አወጣች። ካህናቱ ቅብዐ ቅዱስ የሚሉት ሌላ ነው፤ ይህ ጸሎት የተደረሰበት ዘይት ነው። እሷ ግን በዚህ ስም ነው የምትጠራው፣ እኔም አላረምኳትም።

«ነጭ ሆኖ ሳየው ፈራሁ» አለች። «መኪናው መጀመሪያም የተባረከ ነው። አንተ ስትሰግድ እኔ ዝም ብዬ ልቁም?»

ሙክታር መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ቀጥሎ መኪናው ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። «አቦ! ጣት አታስነኩ ስል፣ ለጣትሽ ብቻ ነው የነገርኩት፤ ለቅዱሳኑ አልነገርኩም!»

እሷም ፈገግ አለች፤ ከጥር ወዲህ ካየኋቸው ጥቂት ፈገግታዎች አንዱ ነው። ሙክታር ግን አልኮሉንና ብርጭቆ ወረቀቱን ሲያነሳ ፈገግታዋ ጠፋ። መብራቱና እጁ መካከል ገባች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልፍቀው ነዋ። ገና እርጥብ ነው፣ አሁኑኑ ካልተነሳ ይደርቃል።»

«መስቀል አይፋቅም።»

«እትዬ፣ ዘይት እኮ ነው።»

«መስቀል ነው። ቅባቱም የተጸለየበት ነው። ፍቀህ መሬት ላይ ልታፈሰው፣ እኛም ልንረግጠው?»

«እንዲሁ ከተተወ ግን ብርሃኑን ይበትነዋል። ማታ ምንም አታዪም።»

«እንግዲያው አላይ።»

ሙክታር ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዘይቱ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ፣ ሥርዓቱ ምን እንደሚል ላስረዳት ጀመርኩ። ከአፌ እንደወጣ ሰለቸኝ። እሷም «አንተ መዝገብህን ያዝ» አለችኝ፣ ያለ ክፋት። ፀሐይዋ ወደ ጎረቤት ጣሪያ ወርዳለች። ኤርምያስ ሲመሽ እመጣለሁ ብሏል። ለመብራቱ ብላ የነካችውን፣ አሁን ለእምነቷ ብላ ልታጣው ነው። ምርጫው ከባድ እንደሆነባት ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ሙክታር ድራይቭ ዌዩ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ኤርምያስ ክርስትና ሲነሳ እኔ ነበርኩ፣ ትዝ ይልሻል? ቅባት ቀብተውት ነበር።»

«አዎ፣ ሜሮን።»

«ታዲያ ልጁን ከዚያ ወዲህ ገላውን አላጠባችሁትም?»

«ይታጠባል እንጂ። ውሃው ግን ዝም ተብሎ አይደፋም። እግር የማይረግጠው...» ብላ ቆመች።

እሷ ራሷ ወደ ቤት ገብታ ሰፊ ሳፋና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

«ጨርቁ ይቃጠላል» አለች። «ውሃው እዚህ ውስጥ ይገባል። አንዲት ጠብታ መሬት ብትነካ አቁም።»

«እሺ፣ አለቃ።»

በጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ሳፋውን ከመብራቱ ሥር ያዘች። ሙክታር በነጩ ጨርቅ እርጥቡን ክሊር ጠረገ፤ ቀጥሎ ከላይ እየፈቀፈቀ ውሃ በእፍኙ ብቻ ያፈስ ጀመር። ቱቦውን ከለከለችን። ነጭ ውሃ ቀስ እያለ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠባል። ክንዷ ሲደክም እኔ ልያዝልሽ አልኳት፤ እምቢ አለች። ሁለተኛው መብራት ሲያልቅ ብቻዋን መነሳት አቅቷት በሁለት ጎን ይዘን አነሳናት። ውሃውን ተሸክማ ከቤቱ ጀርባ፣ ቅርንጫፉ መሬት የነካ ጥድ ሥር ገብታ ደፋችው። የሣር ማጨጃ እንኳ የማይደርስበት ቦታ ነው። ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የጥድ ቅጠል ነበረ።

ሙክታር እንደገና በአልኮል ጠረገ። «ጠርሙሷ የት አለች?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«ለሊቁ አስረክቢ። እጅሽንም ወደ ኋላ አድርጊ።»

ሰጠችኝ፤ እጇንም ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ተማሪ ቆመች። ሙክታር ረጨ። በዚህ ጊዜ አልሸሸም። አየሩ መቀዝቀዝ ስለጀመረ ማራዘሚያ ገመድ አውጥተን በፀጉር ማድረቂያዋ ከርቀት አሞቅነው። ስንቱን ነገር ያለፈ ሰው ቆሞ መብራት ሲያሞቅ ማየት ያስቃል፤ ማንኛችንም ለመሳቅ አቅም አልነበረንም።

ኤርምያስ ሲመጣ መሽቷል። መብራቱን ዞሮ አየው። «ዋው። አንክል ሙክታር፣ ኒው ገዛችሁ?» አለ። ሙክታር እጁን እየታጠበ ነበር። «ሂዱ፣ እኔ ሻዬን እጨርሳለሁ» አለ።

እሷ መሪውን ያዘች፣ ኤርምያስ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ወደ ሰንበሪ ሮድ ወጣን። ሰፈር ውስጥ ያሉት መብራቶች ካለቁ በኋላ መንገዱ ጨለማ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ዛፎቹም ተጠግተውታል። የጠርዙ ነጭ መስመር ከፊታችን ሩቅ ድረስ ታየ። የደብዳቤ ሳጥኖች፣ አጥር፣ የወደቀ ቅጠል። ከመቀመጫው ጀርባ ሆኜ ትከሻዋ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየሁ።

ጥምዝ ላይ ፍጥነት ቀነሰችና ወደ መሐል ትንሽ ሸሸት አለች።

«ዋት?» አለ ኤርምያስ።

«ሰውዬው።»

ጥቁር የለበሰ ሰው ውሻ ይዞ በጠርዙ ይሄዳል። አጠገቡ ስንደርስ ነው ኤርምያስ ያየው። እኔም የዚያኑ ጊዜ ነው ያየሁት።

ኤርምያስ ስልኩን አወጣ። ለገዢው መልእክት ሲጽፍ የስልኩ ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። «አይሸጥም አልኩት» አለ። «ማም፣ ሶሪ።»

እሷ ደስ አላት ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ገባችና ቆመች። ሞተሩ እየሠራ ነው። መብራቱ ከፊታችን ያለውን የጡብ ግድግዳ፣ የእያንዳንዱን ጡብ ጠርዝ ሳይቀር አሳይቶታል።

«ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው» አለች።

«ደህና ነው» አልኳት።

«እኔ በልቅሶ የጠፋ መስሎኝ...» ግድግዳውን ታያለች። «ለካ ያን ያህልም አላለቀስኩለትም።»

ኤርምያስ ነገሩ ገባው አልገባው አላውቅም። እጁን ግን ዘርግቶ ከመሪው ላይ የእሷን እጅ ያዘ። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አውጥታ፣ ጥር ላይ ድንኳን ቢኖር ኖሮ በምታለቅሰው ዓይነት፣ የወንድሜን ስም እየጠራች። መስኮቶቹ ተዘግተው ነበር፤ ማንም አልሰማንም። እኔም ከኋላ አብሬ አለቀስኩ።

ሲያልፍላት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ የመቀመጫ ቀበቶዋን ፈታች።

«ውረድ» አለችው ልጇን። «አሁን አንተ ንዳ፤ ደክሞኛል። ነገ እኔ ነኝ።»